ኦክሲ ለቦራ

«የላም በረት» ብላችሁ ተቀበሉኝ አልልም። የዛሬዋ ላም በረቷ ውስጥ ወድቃለች። ዝም ብላችሁ ስሙኝ፤ እኔም ተናድጄ ነው የማወራው።

ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ያለቻት አንዲት ላም ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት ቦራ ትላታለች። ቦራ ከወለደች ሦስት ሳምንቷ ነው። ቅዳሜ ወተቷ ድርግም አለ፣ እሑድ ስታስል ዋለች፣ ሰኞ ጠዋት ደብሪቱ በረት ብትገባ ወድቃለች። ገላዋ ይፋጃል። ጥጃው ባዶውን ጡት እየጎነተለ ይጮኻል። ቦራ ከሞተች ጥጃውም አይተርፍም፤ ከዚያ በኋላ ደብሪቱ የምትኖርበት ነገር የላትም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ ለቦራ የሚሆን ኦክሲ። ሙሉ ስሙ ኦክሲቴትራሳይክሊን ነው፤ ያ የልጆች ዓይን የምንቀባው የቴትራሳይክሊን ቅባት ዘመዱ ነው። ቦራ ኦክሲ ከተወጋች ትነሳለች፤ ካልተወጋች አትነሳም።

ደብሪቱ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ እንስሳት ክሊኒኩ ሄደች። ባለሙያው ይግዛው ይባላል። ከሦስት ሳምንት በፊት ቦራ ምጥ ላይ ሳለች ጥጃውን ጎትቶ ያወጣው እሱ ነው፤ ሲጨርስም እጁን ያስታጠበችው ደብሪቱ ናት። አሁን ግን ከተቆለፈው የመድኃኒት ቁም ሣጥን ፊት ቆሞ አንገቱን አቀረቀረ። ዓምና ሰዎች ኦክሲውን እየወሰዱ በገዛ እጃቸው ከብት ሲወጉ ተገኙና ቀበሌው ደንብ አወጣ፤ የቀበሌው ነዋሪ ለመሆኑ ደብዳቤ ያላመጣ ሰው ከብቱ አይታከምም። በገዛ እጅ መውጋትና ነዋሪነት ምን አገናኛቸው? እኔ እንጃ። ደንብ ያወጡትን ጠይቁ።

«ታውቀኛለህ እኮ» አለችው ደብሪቱ።

«አውቅሻለሁ እትዬ፤ ደንቡ ግን አያውቅሽም» አላት።

እሱ ራሱ አፍሮ ነበር፤ ግን ቁልፉን ከኪሱ አላወጣም። ደብዳቤው ካልመጣ ኦክሲው አይወጣም፤ ኦክሲው ካልወጣ ቦራ አትነሳም።

ደብሪቱ እያጉረመረመች ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄደች። ጸሐፊዋ አልጋነሽ ናት፤ ደህና ሰው ናት፣ አልዋሽም። ደብዳቤውን ወዲያው ጻፈችላት፣ ፈረመችበት፣ አጣጥፋ ልትሰጣት ስትል ግን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ማኅተም የለም። ማኅተሙን ሊቀ መንበሩ አቶ ጓንጉል ቤታቸው ወስደው ትራሳቸው ሥር ያሳድሩታል፤ ማንንም ስለማያምኑ ነው። ማኅተም የሌለበትን ደብዳቤ ደግሞ ይግዛው አይቀበልም። ማኅተሙ ካልተመታ ደብዳቤው አይሄድም፤ ደብዳቤው ካልሄደ ኦክሲው አይወጣም፤ ኦክሲው ካልወጣ ቦራ አትነሳም።

ደብሪቱ ደብዳቤውን ይዛ ወደ ጓንጉል ቤት ዳገቱን ወጣችው። ፀሐይዋ አናቷን ትበሳታለች። በሩ ላይ ሚስታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ቆመዋል። ሊቀ መንበሩ አልተነሱም፤ ጨጓራቸው ነው። ታማሚ ናቸው ብላ ደብሪቱ አዘነች፤ ከልቧ ነው ያዘነችው። ሚስትየው እንደነገሯት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጓንጉል ጠዋት ጠዋት አንድ ጣሳ ወተት ካልጠጡ ከአልጋ አይወርዱም፤ ወተቱ ደግሞ ከቅዳሜ ጀምሮ ቀርቷል። ማኅተሟን ብቻ ቢያቀብሉኝስ ብላ ለመነች። ሚስትየው እሷን እንኳ አያስነኩኝም አሉና በሩን ገርበብ አደረጉት። ወተቱ ካልመጣ ጓንጉል አይነሱም፤ ጓንጉል ካልተነሱ ማኅተሙ አይመታም፤ ማኅተሙ ካልተመታ ደብዳቤው አይሄድም፤ ደብዳቤው ካልሄደ ኦክሲው አይወጣም፤ ኦክሲው ካልወጣ ቦራ አትነሳም።

እሺ፣ ወተት ነው አይደል? ደብሪቱ ጥርሷን ነክሳ ዳገቱን ወረደች። የሰፈሩን ወተት ከየቤቱ ተቀብላ የምታከፋፍለው ጥሩወርቅ ናት። ደብሪቱ ገና ከበሯ ሳትደርስ፣ ለሊቀ መንበሩ አንድ ጣሳ ወተት ስጪኝና እኔው ላድርስ ብላ ተጣራች። ጥሩወርቅ ትክ ብላ አየቻት።

«ምን ነካሽ? የጓንጉል ወተት እኮ ያንቺ ነው። ለጨጓራዬ የሚስማማው የቦራ ብቻ ነው ብለው ቦራ ከወለደች ወዲህ ሌላ መጠጣት ትተዋል። ከቅዳሜ ጀምሮ አላመጣሽም።»

ደብሪቱ መንገዱ መሐል ቁጭ አለች። ሳቋ መጣ፣ ዕንባዋም መጣ፣ ሁለቱንም ቁጣዋ ቀደማቸው። ከጠዋት ጀምሮ አገሩን የዞረችው ለካ የራሷን ላም ስትዞር ኖሯል። ቦራ ካልተነሳች ወተቱ አይመጣም፤ ወተቱ ካልመጣ ጓንጉል አይነሱም፤ ጓንጉል ካልተነሱ ማኅተሙ አይመታም፤ ማኅተሙ ካልተመታ ደብዳቤው አይሄድም፤ ደብዳቤው ካልሄደ ኦክሲው አይወጣም፤ ኦክሲው ካልወጣ ቦራ አትነሳም። ላሚቱ ሞታ እስክትሸት ድረስ እንዲህ ሲዞር ሊኖር ነው!

ደብሪቱ ተነሳች። ወደ በረቷ ሄዳ ባዶውን የማለቢያ ዕቃ አነሳች፣ ዳገቱን እንደገና ወጣች፣ ገርበብ ያለውን በር በክርኗ ገፋችው። ወይዘሮ የሺመቤት ኧረ ምን ጉድ ነው እያሉ ተከተሏት። ጓንጉል ብርድ ልብስ እስከ አገጫቸው ተከናንበው ተኝተዋል። ባዶውን ዕቃ ደረታቸው ላይ አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ ወተትዎ ይኸው። የሚጠጡት ወተት ያለው ቦራ ውስጥ ነው፤ ቦራ ደግሞ ወድቃ እርስዎን እየጠበቀች ነው። እርስዎ እሷን እየጠበቁ ይተኙ፣ እሷ እርስዎን እየጠበቀች ትሙት።»

ጓንጉል ዕቃውን አዩ። ውስጡን አዩ። ከዚያ ያ ጨጓራ የት እንደገባ እንጃ፣ ብርድ ልብሱን ወርውረው ተነሱ። ጓንጉል ሲነሱ ማኅተሙ ከትራስ ሥር ወጣ፤ ማኅተሙ ሲወጣ ደብዳቤው ተመታ፤ ደብዳቤው ሲመታ የይግዛው ቁልፍ ከኪስ ወጣ፤ ቁልፉ ሲወጣ ቁም ሣጥኑ ተከፈተ፤ ቁም ሣጥኑ ሲከፈት ኦክሲው ወጣ። ይግዛው መርፌውን ይዞ ከደብሪቱ ፊት ፊት ሮጠ፤ እፍረቱ ነው ያስሮጠው። ቦራን ወጋት። በማግስቱም፣ በሠልስቱም መጥቶ ወጋት። ሦስተኛው መርፌ ላይ ቦራ ተነስታ ጭራዋን ስትወዘውዝ ደብሪቱ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

ይግዛው ሲሄድ አንድ ነገር አጥብቆ ነገራት። መድኃኒቱ በወተቱ ይወጣል። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ሰባት ቀን ጥጃው የሚጠባውን ይጥባ፤ የሚታለበውን ግን ሰው እንዳይጠጣው፣ ድፊው አላት።

በነጋታው ቦራ ጥሩ አድርጋ ታለበች። ደብሪቱ ዕቃውን ይዛ ከበረት ስትወጣ ማን ቢቆም ጥሩ ነው? አቶ ጓንጉል፣ ራሳቸው፣ ጣሳቸውን ይዘው። ወተቱን ሲያዩ ፊታቸው በራ። ደብሪቱም አየቻቸው፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለአንድ አፍታ ቀድታ ልትሰጣቸው አሰበች። ይጠጡት፣ የራሳቸው ጉዳይ ብላ። ግን የሰው ሆድ ላይ ቂም መወጣት አልሆነላትም።

«ወተቱ አለ» አለች። «ሰባቱ ቀን ካልሞላ ግን አይወጣም።»

ጓንጉል ደነገጡ፤ ተለማመጧት፤ ጨጓራቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ።

«ታውቂኛለሽ እኮ፣ ደብሪቱ» አሏት።

«አውቅዎታለሁ ጋሼ። መድኃኒቱ ግን አያውቅዎትም።»

ቢያንስ አንድ ቀን እንኳ የሚቀንስ ነገር የለም ወይ አሏት። እጃቸው ሳያውቁት ማኅተሙ ወዳለበት ኪሳቸው ገባ። ደብሪቱ ዓይኗ እጃቸው ላይ ነበር።

«ይሄን ማኅተም አያሳጥረውም» አለችና ወተቱን እግራቸው ሥር ደፋችው። በየቀኑ መጡ፤ በየቀኑ ዓይናቸው እያየ ደፋችው። እንዴት ደስ እንዳላት አልነግራችሁም።

ሰባቱ ቀን ሲሞላ የጓንጉልን ጣሳ አፉ ድረስ ሞላችላቸው። በዚያው ቀን የይግዛው ቁም ሣጥን ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ፤ ለታመመ ከብት ደብዳቤ አያስፈልግም ይላል። ከሥሩ ማኅተም አለበት።

እኔም ጨረስኩ። ይደገምልኝ የሚል ካለ፣ የሰፈሬ ነዋሪ ለመሆኑ ደብዳቤ ይዞ ይምጣ።