እሳት ያልነካው ስንቅ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ቆላውን ረስቶት ሁለት ክረምት ባለፈ ጊዜ፣ ከመላጣው ጋራ ሥር ከምትፈልቅ አንዲት ምንጭ በስተቀር ውሃ የሚባል ነገር ከአገሩ ጠፋ። ጋራውን መላጣ ያሉት ከግርጌው እስከ ጫፉ አንዲት ቁጥቋጦ እንኳ ስለማይበቅልበት ነው። ምንጯም ብትሆን እንደ ገመድ የቀጠነች ነበረች። ቢሆንም ሁሉም ተራ በተራ ይጠጣ ነበር፤ አያ ጅቦ መጥቶ አፏ ላይ እስኪጋደም ድረስ።

«ይህች ምንጭ የእኔ ናት፤ ቀድሜ ያሸተትኳት እኔ ነኝ» አለ አያ ጅቦ።

ጅብ ውሃ በማሽተት መታወቁን እኔ በበኩሌ ያን ቀን ነው የሰማሁት። ግን ጥርሱን እያዩ ማን ይከራከረዋል?

የተከራከረችው አህዪት ናት። አህዪት ፈሪ ናት፤ ጅብን ደግሞ ከሁሉ አብልጣ ትፈራለች። ነገር ግን ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ ያልቀመሰ ውርንጭላ ነበራት። የእሷም ጡት ደርቆ ነበር። ልጇ ምላሱን አውጥቶ ሲያያት አንጀቷ አልችል አለ፤ የአገሩ ዳኛ አንበሳ ደጃፍ ሄዳ ባለ በሌለ ድምጿ አናፋች።

«ኧረ ቀስ!» አለ አንበሳው ጆሮውን በመዳፉ ሸፍኖ። «ጆሮዬን ቀደድሽው እኮ!»

አንበሳው አርጅቷል፤ ዓይኑ ከአፍንጫው አርቆ አያይም። ጆሮው ግን ገና ነበር። ወደ ምንጯ ወርዶ ሁለቱን አቁሞ አዳመጣቸው። ምስክር ሲጠየቅ ሚዳቋ ሮጠች፣ በግን ሳል ያዛት። የአህዪት ባል እንኳ ከድንጋይ ኋላ ተደብቆ ጆሮው ብቻ ይታይ ነበር። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የተባለው እኮ ያለ ነገር አይደለም።

«እንግዲያው ስሙ» አለ አንበሳው። «ከነገ ወዲያ ማለዳ ሁለታችሁም ከዚህ ትነሣላችሁ። ከመላጣው ጋራ ጫፍ ወጥቶ፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ እንድሰማው ቀድሞ ስሙን የተጣራ፣ ምንጯ የእሱ ናት። ዓይኔን ስለማላምነው በጆሮዬ ነው የምፈርደው። እስከዚያ ማንም ማንንም አይነካም፤ የነካ ከእኔ ጋር ይተያያል። አሁን ግን ያ ውርንጭላ አንድ ጉንጭ ይጠጣ።»

የመጨረሻዎቹን ቃላት ሲናገር ፊቱን ያዞረው የጅብ ሽታ ወደመጣበት ነው።

አያ ጅቦ ሳቀ። «እኔ በአንድ ጉዞ ሦስት ቀበሌ የማዳርስ ሰውዬ፣ ከዚህች ከሲታ ጋር ልወዳደር? እሺ፣ ምን ቸገረኝ!»

አህዪት ግን ምክር ፍለጋ ሄደች። የሄደችው ወደ እመት ጦጢት ነው። እመት ጦጢት ሰዎቹ ድርቁን ሸሽተው ጥለውት በሄዱት የብርቱካን አትክልት ውስጥ የምትኖር አሮጊት ናት። ዛፎቹ ላይ ቆዳቸው የጠነከረ ጥቂት ብርቱካኖች ቀርተዋል። አጠገባቸው ሁለት የተምር ዛፎች አሉ፤ ከወዲያ ደግሞ ገበሬው ለቅሞ ያልጨረሰው የለውዝ ማሳ አለ።

«ምነው ልጄ፣ ጎንሽ እንዲህ ተጣበቀ?» አለች እመት ጦጢት።

«ሳር የለ፣ ውሃ የለ። ከነገ ወዲያ ደግሞ መላጣውን ጋራ መውጣት አለብኝ። ካልወጣሁ ልጄ በጥም ሊሞት ነው። እባክዎ እመት ጦጢት፣ ቂጣ ቢጤ ጋግረው ስንቅ ያስይዙኝ።»

«በዚህ ደረቅ ሳር መሃል እሳት ላንድድ? አገሩን በሙሉ ቂጣ ላድርገው እንዴ!»

«ታዲያ እሳት ያልነካው ምን ስንቅ አለ?»

«እጅ ያለኝ እኔ፣ ኮቴ ያለሽ አንቺ። ነይ፣ ሥራ እንጀምር።»

አህዪት ለውዙን ከመሬት እየጫረች አወጣች፤ ቅርፊቱንም በኮቴዋ እየረገጠች ሰበረች። እመት ጦጢት ፍሬውን ለቅማ ቀትር ባጋለው አለት ላይ አሰጣችው። ፀሐይዋ እንደሁ ለማንም አትራራም፤ ለውዙን ቆላችው። ከዚያ ዘሩ የወጣለትን ተምር አለቱ ጉድጓድ ውስጥ ከተው በድብልብል ድንጋይ ይወቅጡት ጀመር። ተምሩ ግን ከመድረቁ የተነሣ እንጨት ሆኖ ነበር።

«ውሃ ቢኖር ይለሰልስ ነበር» አለች አህዪት አዝና።

«ብርቱካኑስ? ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ውሃ አይደለም?» አለች እመት ጦጢትና አንዱን ለሁለት ሰንጥቃ ጉድጓዱ ውስጥ ጨመቀችው። ተምሩ ጭማቂውን ጠጥቶ ወዲያው ተልፈሰፈሰ። አህዪት የቀረውን ልጣጭ ልትበላው አፏን ስትከፍት ግን አሮጊቷ አፍንጫዋን መታቻት።

«ተይ! ሽታው ያለው እሱ ላይ ነው። ሻካራ ድንጋይ አምጪ።» ብርቱካንማውን ቆዳ ብቻ በስሱ ፋቀችው። «ነጩ ጋ ስትደርሺ ታቆሚያለሽ። ነጩ መራራ ነው፤ ሥራ ያበላሻል።»

የተፈቀው ልጣጭ፣ የተወቀጠው ለውዝና የራሰው ተምር ሲደባለቁ የተነሣው ሽታ አህዪትን ከእግር እስከ ራሷ ነዘራት። እመት ጦጢት ሊጡን እየቆነጠረች የድንቢጥ እንቁላል የሚያህሉ ሰባት ድብልብሎች አበጀች። እንዳይጣበቁም ከማሳው ዳር በቃረመችው ሰሊጥ ላይ አንከባለለቻቸው። አህዪት አንዱን ልትጎርስ ተጠጋች።

«አሁን አይነካም! ጥላ ውስጥ አድሮ መጠንከር አለበት። ስንቅ የሚያምረው ጊዜውን ሲያገኝ ነው።»

አህዪት ምራቋን ዋጠች። በማግስቱ ድብልብሎቹ ጠጥረው እጅ ላይ የማይጣበቁ ሆኑ። አሮጊቷ ከዘንባባ ቅጠል በጎነጎነቻት ትንሽ ከረጢት ከታ፣ የአህዪት አፍ እንዲደርስባት አድርጋ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችላት።

«ዳገቱ ሰባት እርከን አለው። በየእርከኑ አንድ፣ አንድ ብቻ! አላምጠሽ ዋጪና ቀጥዪ።»

ይህን ሁሉ ቀበሪት ከብርቱካን ግንድ ኋላ ሆና አይታለች። አያ ጅቦ ነው የላካት። እመት ጦጢት ዞር ስትል የተረፈውን ሊጥ ከጉድጓዱ ላሰችና ወደ አያ ጅቦ ሮጠች።

«አያ ጅቦ፣ እሳት የማይነካው ስንቅ ነው። ተምር፣ ለውዝ፣ ብርቱካን! ትንሽ ብቀምስ እዚህ ድረስ ሳላርፍ ሮጥኩ!»

«ለእኔም ሥሪልኝ!» አለ አያ ጅቦ ለሃጩ እየተንጠባጠበ። «ግን በውድድሩ ቀን ጠዋት ነው የምትሠሪው፤ ካደረማ አንቺ ትበይዋለሽ።»

በቀጠሮው ጠዋት ቀበሪት የለቃቀመችውን ሁሉ ወቅጣ፣ ደባልቃ፣ ትንንሽ ማድቦልቦል ጀመረች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ አያ ጅቦ።

«የድንቢጥ እንቁላል ያህል ነው የሚሆነው።»

«እኔ ድንቢጥ ነኝ? ያቺ ከሲታ ሰባት ከበላች ለእኔ ሰባ ይገባኛል! ደርቢና አንድ አድርጊው!»

«እሺ፣ ልጣጩን ልፋቀው…»

«ምን መፋቅ አለው? ከነነጩ ክተቺው! ምንም ነገር አይጣልም።»

«ሰሊጥስ?»

«ሰሊጥ የወፍ ቀለብ ነው!»

ቀበሪት አራት ግልገሎች ነበሯት። ምንጯ የጅብ ከሆነች ልጆቿ ምን እንደሚጠጡ ሌሊቱን ስታስበው ነው ያደረችው። ስለዚህ ምክሯን ዋጥ አደረገችና ጎንበስ አለች። «እውነትዎን ነው፤ ለትልቅ ጌታ ትልቅ ጉርሻ ነው የሚያምርበት» ብላ የጅብ ራስ የሚያህል ድብልብል አበጀችለት።

«በከረጢት ልያዝልዎ?»

«ከረጢት ይሰረቃል። አፌ ውስጥ ማን ይደፍረኛል?» አለና መንጋጋውን እስከ ጆሮው ከፍቶ ነከሰው።

ጭጋግ የጋራውን ጫፍ ሸፍኖታል። አንበሳው ምንጯ ዳር ተቀምጦ «ሂዱ!» ሲል አያ ጅቦ ድንጋይ እያንከባለለ ተፈተለከ። አህዪት የመጀመሪያው እርከን ላይ ስትደርስ እሱ ሦስተኛው ላይ ነበር። ጉልበቷ ከድቷት ዓይኗ ተጭበረበረ። ያኔ አንዷን ድብልብል ጎረሰች። ጣፋጩ ምላሷን፣ የልጣጩ ሽታ አፍንጫዋን ከፈተው። ሁለተኛው እርከን ላይ ሁለተኛዋን በላች። ሦስተኛው ላይ እግሯ መንቀጥቀጡን ተወ። በአራተኛው እንዲያውም መራገጥ አሰኛት፣ ግን ጊዜ አልነበራትም።

አያ ጅቦ ግን ከላይ ነው፤ ጅብ ሆዳም ይሁን እንጂ ዳገት አያቅተውም። ችግሩ ሌላ ነበር። እርቦት ስንቁን ገመጥ ሊያደርግ ጥርሱን ሲያጠብቅ፣ ሳይጠነክር የወጣው ተምር ጥርሱን ዋጠው። መንጋጋው ወደ ላይም ወደ ታችም አልል አለ። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ ይህኛውንስ ስንቁ ነው መልሶ የነከሰው። ቢሆንም አያ ጅቦ በአፍንጫው እያፏጨ ወጣ፣ ወጣ፣ አዎ፣ ቀድሞም ጫፍ ደረሰ!

ደረቱን ነፋና ወደ ሸለቆው ዞሮ ስሙን ተጣራ።

«እምምምም!»

«ምንድን ነው እሱ?» አለ አንበሳው ከታች።

«ንፋስ ነው ጌታዬ» አለች ቀበሪት።

«ም-ም-ምምም!»

«ንፋሱ ዛሬ በርትቷል» አለ አንበሳው።

አህዪት ስድስተኛው እርከን ላይ ሆና የጅብን ጀርባ ከጫፉ ላይ ስታይ ልቧ ወደቀ። አለቀ፣ ልጄን ገደልኩት አለች። ጆሮዋን አቁማ ስሙን እስኪጠራ ጠበቀች። አንድ ጊዜ ጠበቀች፣ ሁለት ጊዜ ጠበቀች፤ የሚሰማው ግን ማጉረምረም ብቻ ነው። ያኔ ገባት። ስድስተኛዋን ጎርሳ ተስፈነጠረች። ሰባተኛው ላይ ደግሞ ሰባተኛዋን በላች፣ አላምጣ ዋጠች፣ ከንፈሯ ላይ የቀረችውን ሰሊጥ እንኳ ላሰች። ጫፉ ላይ አያ ጅቦ ዓይኑን አጉረጥርጦ አፉን ከድንጋይ ጋር ይፈትግ ነበር። በአጠገቡ አለፈችና አንገቷን አቀናች።

አህዪት ከተወለደች ጀምሮ ያልተሰደበ ድምፅ አልነበራትም። ሰርግ ላይ ዝም በይ፣ ለቅሶ ላይ ዝም በይ ስትባል ነው የኖረችው። ያን ቀን ግን የዝምታዋን ዘመን ሁሉ ሰብስባ አናፋችው!

«አህዪት! እኔ አህዪት ነኝ!»

ጋራው ተቀብሎ መለሰው፤ ወዲያ ማዶ ያለውም ጋራ ደገመው። ከታች ወፎች ከዛፍ ተነሡ። አንበሳው ጆሮውን በሁለት መዳፉ ሸፈነ።

«ይህንንማ አልስተውም» አለ እየሳቀ። «ያቺ ጆሮዬን የቀደደችው ናት! ምንጯ የአህዪት ናት!»

ሜዳው በእልልታ ተናጋ። ሚዳቋ ዘለለች፣ በግም ሳሏ ለቀቃት። የአህዪት ባል ከድንጋዩ ኋላ ወጥቶ ደረቱን ነፋና «እኔማ ቀድሜ አውቄዋለሁ» አለ። ማንም አልሰማውም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አህዪት ወረደች። ውርንጭላዋ መጀመሪያ ጠጣ፤ ሆዱ እስኪወጠር ድረስ ሲጠጣ እናቱ ቆማ አየችው፣ ደስታ እንባ አመጣባት። ቀጥሎ በግ፣ ሚዳቋ፣ የቀበሪት ግልገሎች ጠጡ። በመጨረሻ አያ ጅቦ አፉ እንደተጣበቀ፣ ራሱን ደፍቶ መጣ።

«ባለ ምንጯ፣ ምን ትያለሽ?» አለ አንበሳው።

አህዪት ልጇን አየች፤ የዚያን ቀን የደረቀች ምላሱ ትዝ አለቻት። «ጥምን አውቀዋለሁ» አለች። «ተራውን ጠብቆ ይጠጣ። እዚህ አፏ ላይ ግን ከእንግዲህ ማንም አይጋደምም።»

አያ ጅቦ አፉን እስከ ዓይኑ ውሃው ውስጥ ነከረ። ተምሩ ቀስ በቀስ ሟሸሸ፣ መንጋጋውም ቋ ብሎ ተከፈተ። ሁሉም ምስጋናውን ሊሰማ ተጠጋ።

«መራራ ነው!» ብሎ ጮኸ አያ ጅቦ።

«ነጩን አስከትተህ ነዋ!» አለች እመት ጦጢት ከምንጯ ማዶ ካለ ዛፍ ላይ። ሳቁ የመላጣውን ጋራ ጫፍ ደረሰ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሁሉን ልጉረስ ያለ በድሉ ሰዓት ስሙን የሚጠራበት አፍ እንደሚያጣ፣ በልኩና በጊዜው የበላ ግን ጫፍ ደርሶ የሚጮኽበት ድምፅ እንደሚተርፈው ነው።