ተራራ የሚቆጥረው ድስት

ቀረብ በሉና ስሙኝ። ጊዜው ድስት ምላስ የነበረው ጊዜ ነው። አገሩም ጭጋግ ከሐይቅ ላይ እየተነሣ የማያልቅበት አገር ነው። ሰማዩና ውኃው አንድ ዓይነት ነጭ ስለነበሩ ዳክዬዎቹ ይዋኙ ይብረሩ አይለይም ነበር።

በሐይቁ ዳር እሜቴ ቀበሮ ምግብ ቤት ከፈተች። ከምግብ ቤቱ እስከ ወንዙ መሻገሪያ ድረስ ሸምበቆ ነው፤ በሸምበቆው ውስጥ ደግሞ አያ ጅቦ ተኝቶ ይጠብቃል። ሁለቱ ውል ነበራቸው።

«የኔ ምግብ እግር ያከብዳል» አለችው ቀበሮ። «በጭጋጉ ውስጥ እየተጎተተ የሚሄድ እግር ስትሰማ፣ እሱ ያንተ ነው። ሥጋውን ብላ፣ ቅልጥሙን ለኔ ተውልኝ።»

«ፊቱን ሳላይ?»

«ፊት ምን ያደርግልሃል? እግሩን ስማ።»

እንግዶች ይበላሉ፣ ይከብዳሉ፣ ይወጣሉ። ቤታቸው ግን አይደርሱም። ዳኛዋ ኤሊ ይህን ሰማችና ሕግ አወጣች።

«ድስት ሁሉ፣ እጁን ለሰደደበት እንግዳ፣ ከመጉረሱ በፊት የያዘውን ይንገረው። ክብደቱ ስንት ተራራ ካልሮጡ እንደማይወርድም ይናገር» አለች።

ድስቶቹ ደስ አላቸው። ዝም ብሎ መጣድ ሰልችቷቸው ነበር።

ቀበሮ ግን እንቁራሪቶችን ጠርታ በድስቶቹ አጠገብ አስቀመጠች። ድስቱ ሲናገር እነሱ ይዘፍናሉ። እንግዳው ዘፈኑን እየሰማ ይበላል፣ ይከብዳል፣ ይወጣል። ኤሊ መጣችና እንቁራሪቶቹን ወደ ውኃው መለሰች።

ቀጥላ ቀበሮ ድስቶቹን «በጉንዳን አፍ እየለካችሁ ተናገሩ» አለቻቸው። ድስቱም «እኔ አንዲት ጉብታ ብቻ ነኝ» ይላል። አልዋሸም፤ ነገር ግን በጉንዳን አፍ የሚበላ እንግዳ የለም። ይበላል፣ ይከብዳል፣ ይወጣል። ኤሊ መጣችና «በበላተኛው እጅ ለኩ» አለች።

ቀበሮ ጋደም ብላ አሰበች። ሕጉ የሚለው እጁን ለሰደደ ነው። እጁን ላልሰደደስ?

በማግስቱ እሜቴ ድኩላ መጣች። ግልገሏን ከመሻገሪያው ማዶ ሣር ውስጥ ደብቃ፣ ወተቷ እንዳይነጥፍ አንድ ነገር ልትቀምስ ነበር የመጣችው።

«ግቢ የኔ እመቤት፤ እንዴት ከስተሻል» አለቻት ቀበሮ። ገና ሳትቀመጥ ከድስቱ ጭኮ ጠቅልላ ወደ አፏ አስጠጋችላት።

«ኧረ ተይ፣ እኔው ራሴ አነሣለሁ።»

«በሞቴ። እጄን ልትመልሺ ነው?»

ድኩላ አፈረች፤ የተዘረጋ እጅ መመለስ ከበዳት። አፏን ከፈተች። እጇን አልሰደደችምና ድስቱ ዝም አለ።

«ይጣፍጣል» አለች ድኩላ። «ምንድን ነው?»

«ፍቅር ነው፣ እህቴ» አለች ቀበሮ። ደገመቻት። ሦስተኛም ጨመረችላት።

ድኩላ እግሯ አልታዘዝ አላት፤ በሕልም ውስጥ ሮጠው ሮጠው ከቦታቸው እንደማይንቀሳቀሱት ዓይነት። ቢሆንም ያጎረሰን ማጉረስ ወግ ነውና፣ በተራዋ እጇን ወደ ድስቱ ሰደደች።

ድስቱ ተነፈሰ።

«እስካሁን አልነካሽኝም እኮ» አላት፣ ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው። «ግማሼ ገብስ ነው፣ ግማሼ ቅቤ። ማርም አለብኝ። አንዷ ጉርሻዬ አንድ ተራራ ናት። ሦስት ተራራ ውጠሻል።»

ድኩላ በሩን አየች፤ ከበሩ ውጭ ነጭ ጭጋግ ብቻ ነው። ከጭጋጉ ማዶ ግልገሏ አለ። ጭኮውን አጥብቃ ጠቀለለችው።

«እንግዲህ ተራው የኔ ነው።»

«እኔ በልቻለሁ» አለች ቀበሮ ወደ ኋላ እያፈገፈገች።

«በሞቴ። ፍቅር ነው አላልሽም?»

እንግዶቹ ሁሉ ዞረው አዩ። እምቢ ብትል ተንኮሏ ሊገለጥ ነው፤ ቀበሮ ጎረሰች። ጦጢት ተነሣች፤ «የኔንስ እጅ ልትመልሺ ነው?» አለች። ጎረሰች። ከርከሮ ተነሣ፤ የሱ ጉርሻ እንኳ ጉርሻ አይባልም፣ ድንጋይ ያህላል። እየተነሡ አጎረሷት፣ ድስቱ «ባዶ ነኝ» እስኪል ድረስ።

ቀበሮ ሆዷን ይዛ፣ በሸምበቆው ውስጥ ባለው ጉድጓዷ ልትጋደም ወጣች። እግሯ ይጎተታል። ጭጋጉ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«አያ ጅቦ፣ እኔ ነኝ።»

«ሁሉም እኔ ነኝ ነው የሚለው» አለ ጅቦ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

እንደ ውላቸውም ሥጋውን በላ፤ ቅልጥሙን ለቀበሮ ብሎ ተወላት።

ጅቦ ጠግቦ ሲያንኮራፋ፣ ድኩላ ቀስ ብላ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ በአጠገቡ አልፋ ተሻገረች። ግልገሏም ጠባ።

ድስቶች ከዚያ ወዲህ የሚሰማቸው እያጡ ምላሳቸው ደረቀ። ዛሬ በእነሱ ፈንታ፣ ምግቡ ምን እንደያዘ የሚናገር ጽሑፍ ይለጠፋል። ሰው ጽሑፉን ያነብና ዞር ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ከሌላ እጅ ይጎርሳል። ድስቱን ብቻ አትጠይቁ፤ የሚያጎርሳችሁንም እጅ ጠይቁ።

እኔ ጨረስኩ። ስለ ተረቴ የምታቀምሱኝ ካላችሁ፣ ምን እንዳለበት አስቀድማችሁ ንገሩኝ።