ሻሽ የበላችው ፍየልና የጅቡቲው ባቡር

ስሙኝማ! ያልሰማ ይቅረብ፣ የሰማም እንዳልሰማ ይሁን።

እኔ ጉልላት አንዲት ነገር ብቻ አማረችኝ፤ ባሕር ማየት። ቤቴ ከባቡር ጣቢያው ሥር ነው። ባቡሩ ወደ ጅቡቲ ሲያልፍ ጡሩምባውን እየሰማሁ ጸጉሬ ሸበተ። በመጨረሻ ከልጅነት ጓደኞቼ ከሮብሌና ከተካ ጋር ሆነን፣ ለሦስታችን አንድ የባቡር ማለፊያ ወረቀት አወጣን፤ ሳምንት ሙሉ እንደ ልብ መውጣትና መውረድ፣ ጅቡቲም ገብቶ መመለስ! ግን እስከ ዓርብ ማኅተም ካልተመታበት ወረቀቱ የቆሎ መጠቅለያ ነው።

ሰኞ ጣቢያ ሄድኩ። ትኬት ቆራጯ ሐረገወይን፣ «ጋሼ ጉልላት፣ ሦስታችሁም ፊቴ ካልቆማችሁ ማኅተም አልመታም» አለችኝ።

ተካ ጫማውን አስሮ ተቀምጧል። ሮብሌ ግን፣ «አልመጣም! ከአስናቁ ጋር ተኳርፌአለሁ። ተኳርፎ ድንበር የተሻገረ አይቀናውም። መጀመሪያ አስታርቀኝ» አለ።

ሮብሌ አይመጣ፣ ማኅተም አይመታ፣ እኔም ባሕር አላይ!

ጎረቤቱ አስናቁ ዘንድ ሮጥኩ። «ይቅር ልበለው? የእሱ ፍየል ቤቴ ገብታ የክት ሻሼን በልታብኝ? ቤቴ በር የለው፣ ነገም ትገባለች። የዛሬውን ይቅር ብዬ የነገውን ልጠብቅ? መጀመሪያ በሬ ይገጠም!»

አስናቁ አትታረቅ፣ ሮብሌ አይመጣ፣ ማኅተም አይመታ፣ እኔም ባሕር አላይ!

አናጢው ጋሽ ሙላት የአስናቁን በር አልጋ አድርጎ ተኝቶበታል። «በሩማ አልቋል፤ ማጠፊያ የለውም እንጂ። በልመና ይቁምልህ?»

ሙላት በር አይገጥም፣ አስናቁ አትታረቅ፣ ሮብሌ አይመጣ፣ ማኅተም አይመታ፣ እኔም ባሕር አላይ!

ብረት ቀጥቃጩ በዳሶ ወናፉን ታቅፎ ተክዟል። «ከሰል የለኝ፤ ብረቱን በእስትንፋሴ ላግለው? ከሰል የሚያመጣልኝ ዑስማን ከቤት መውጣት ከተወ ሁለት ሳምንቱ።»

በዳሶ ማጠፊያ አይቀጠቅጥ፣ ሙላት በር አይገጥም፣ አስናቁ አትታረቅ፣ ሮብሌ አይመጣ፣ ማኅተም አይመታ፣ እኔም ባሕር አላይ!

ሐሙስ ጠዋት ሆነ። ዑስማን ቤት ስደርስ ከሩጫው ብዛት ከጫማዬ ጭስ ይወጣል።

«ዑስማኔ፣ ምን ሆነህ ነው የማትወጣው?»

«ደግሞ ትጠይቀኛለህ? ‹ዑስማንና አህያው መንገድ ሲጠፋቸው የሚጠይቀው አህያው ነው› ብለህ ገበያውን ያሳቅኸው አንተ አይደለህ? በወጣሁ ቁጥር ሰው አህያዬን ሰላም ብሎ እኔን ያልፈኛል!»

ወይ ጉዴ! ለካ ምላሴ ናት! ምላሴ አታርፍ፣ ዑስማን ከሰል አይጭን፣ በዳሶ ማጠፊያ አይቀጠቅጥ፣ ሙላት በር አይገጥም፣ አስናቁ አትታረቅ፣ ሮብሌ አይመጣ፣ ማኅተም አይመታ፣ እኔም ባሕር አላይ!

«ገበያ መሀል ድንጋይ ተሸክመህ ይቅርታ በለኝ» አለ። እንቁላል የምታህል አንስቼ ማጅራቴ ላይ አስቀመጥኩ።

«ይቺ ለወንጭፍ ናት። ጨምር።»

ጨመርኩ።

«ጨምር!»

በስተመጨረሻ የተሸከምኩት ተራራ ነበር። ካላመናችሁ ሂዱና እዩ፤ የነበረበት ቦታ ዛሬ ሜዳ ነው።

ተሸክሜው ገበያ መሀል ቆምኩ። «ጎበዝ! ዑስማን መንገድ ጠፍቶት አያውቅም፤ የጠፋኝ እኔ ነኝ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ» አልኩ፤ ይህንንስ ሳልቀልድ።

ዑስማን፣ «ጣለው፤ ለአላህ ብዬ ይቅር ብያለሁ» አለ።

ይኼኔ ዑስማን ከሰል ጫነ፣ በዳሶ ማጠፊያ ቀጠቀጠ፣ ሙላት በር ገጠመ፣ አስናቁ ታረቀች፣ ሮብሌ እየሮጠ መጣ፣ ሐረገወይን ዓርብ ጠዋት ማኅተሟን ጧ! አደረገችው፣ ባቡሩም ሦስታችንን ይዞ ላጥ!

ባሕሩ ዳር ቆምን። ተካ በክርኑ ጎሸም አድርጎኝ፣ «በል እስቲ፣ እንደ ልማድህ አጋንን» አለኝ።

አየሁ፣ አየሁ፣ ወዲያ ማዶ የለውም።

«አልችልም» አልኩት። «እሱ ራሱ አጋንኖ ጨርሶታል።»