የሲስተር አስካለ መዝገብ የት ይደር?

በአንድ ወቅት፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን ሲገልጥ «ኔትወርክ አለ?» ብሎ በሚጠይቅበት በእኛው ዘመን፣ በአንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ ሲስተር አስካለ የሚባሉ ነርስ ነበሩ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰማያዊ መዝገብ ይዘዋል። መዝገቡ ላይ ደም ለመስጠት ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎች ስም፣ የደም ዓይነትና ስልክ ሰፍሯል። የሆስፒታሉ የደም ማቀዝቀዣ ባዶ በሆነ ቁጥር መዝገቡ ይገለጣል፣ ስልክ ይደወላል፣ ሰው ይተርፋል።

ጡረታቸው ሲቃረብ ሦስት ልጆቻቸውን ጠሩ። ሦስቱም የኮምፒውተር ሰዎች ናቸው፤ ምን አብልተው እንዳሳደጓቸው እንጃ!

«ወረቀቱ እያለቀ ነው፣ እጄም መንቀጥቀጥ ጀምሯል» አሏቸው። «ይህን መዝገብ ኢንተርኔት ላይ አኑሩልኝ። ከሁላችሁ አብልጦ ላኖረው ኃላፊነቱን አስረክበዋለሁ። ለአንዳችሁ ነው፤ ለሦስት አላካፍለውም።»

ድረ ገጽ ማደሪያ ይፈልጋል። ሰርቨር በሚባል፣ ሌት ተቀን በማይጠፋ ኮምፒውተር ላይ ካላደረ ማንም አያገኘውም። ማደሪያው ደግሞ እንደ ቤት ነው፦ በደባልነት የሚገባበት አለ፣ የራስ ክፍል አለ፣ የራስ ቤትም አለ።

የመጀመሪያው ልጅ ላቀው ችኩል ነው። «ደም የሚፈልግ ሰው እኛ አማርጠን እስክንጨርስ አይጠብቅም!» ብሎ መዝገቡን በደባልነት አስገባው፤ በአንድ ሰርቨር ላይ ከሁለት መቶ ሌሎች ድረ ገጾች ጋር። ጠዋት ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ አዋለው። ሰዎች በየስልካቸው እየገቡ ራሳቸውን ይመዘግቡ ጀመር። ደም ለመስጠት የሆስፒታል ደጅ ረግጦ የማያውቀው አናጺ ዳምጠው እንኳ ምሳውን እየበላ ስሙን አስገባ፤ ደሙ ኦ ኔጌቲቭ ነው፣ በከተማው ፈልጎ የሚታጣ ዓይነት። ይሁን እንጂ ከደባሎቹ አንዱ ጫማ ሻጭ ነበር። እሱ ቅናሽ ባወጀ ቁጥር ገዢ ይጎርፋል፣ የደሙ ገጽ ደግሞ እየተንፏቀቀ ይከፈታል።

ሁለተኛዋ ልጅ ምንትዋብ ይህን ስታይ ደሟ ፈላ። «ሰው ጫማ በገዛ ቁጥር እኛ ደም እንጣ?» ብላ መዝገቡን ከደባልነት አወጣችው። የተከራየችው ቪፒኤስ የሚሉትን ነው፤ ማሽኑ የጋራ ቢሆንም ክፍሉ የተከለለ፣ ቁልፉም በተከራዩ እጅ የሆነ። ሦስት ሳምንት ለፋች። የራሷ ክፍል ስለሆነ ያሻትን ፕሮግራም መጫን ቻለች፤ በየሳምንቱ ለተመዘገበው ሁሉ «ስልክዎ አሁንም ይኸው ነው?» የሚል መልእክት እየላከ፣ መልስ ካጣ ወደ ቤተሰብ የሚልክ። ደባሎች ዘንድ ይህ አይፈቀድም ነበር። የዳምጠው ስልክ ሲጠፋ መልእክቱ ሚስቱ ዘንድ ደረሰ፣ አዲሱም ቁጥር ተሞላ።

የመጨረሻው ልጅ ሲራክ ግን በሆስፒታሉ ካርድ ክፍል የሚሠራ፣ ነገር የማያምን ሰው ነው። «ክፍሉም ቢሆን የሰው ግቢ ነው፤ ባለቤቱ ባሰኘው ጊዜ ይዘጋብናል» አለ። አሮጌ ኮምፒውተር ከነባትሪው አምጥቶ ካርድ ክፍሉ ጥግ አስቀመጠ። በየቀኑ የምንትዋብን ዝርዝር ይገለብጥበታል። ኢንተርኔት ቢቋረጥም በሆስፒታሉ ውስጥ ይከፈታል፤ ከግቢው ውጭ ግን ማንም አያየውም። በአቧራው የተነሣ በሳምንት ሁለቴ ይታመማል። ወንድሙና እህቱ «ሙዚየም ከፈትክ?» እያሉ ሳቁበት።

ታዲያ አንድ ቀን ከባሕር ማዶ አከራዮች ለምንትዋብ መልእክት መጣ፦ «በአገራችሁ ሰዓት ሐሙስ ከ8:00 ጀምሮ ለጥገና እንዘጋለን።» እሷም ከምሳ በኋላ ያለው ስምንት ሰዓት መሰላት። ከዚያ በፊት መዝገቡን ለጊዜው ወደ ላቀው ደባሎች ልታዛውረው አሰበች። የፈረንጅ ስምንት ግን የእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። «በአገራችሁ ሰዓት» ተብሎ ተጽፎ ማን ይጠረጥራል? እኔም ብሆን እንደሷ ነበር የማነበው።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ትርንጎ የምትባል ሴት ወልዳ ደሟ አልቆም አለ። ኦ ኔጌቲቭ ናት፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ ደግሞ የለም። ሲስተር አስካለ ስልካቸውን ከፈቱ፤ ገጹ የለም። ደገሙት፤ የለም። ሰማያዊው መዝገብ ላይ ያሉት ሁለት ኦ ኔጌቲቮች አንዱ ሞቷል፣ ሌላው ከተማውን ለቋል። ሲስተር ሲራክን ጮኸው ተጣሩ።

ሲራክ ወደ ካርድ ክፍል ሮጠ። አሮጌው ኮምፒውተር እንደ ልማዱ እያጓራ ዝርዝሩን አወጣ፦ ዳምጠው፣ ኦ ኔጌቲቭ፣ ከነአዲሱ ስልክ። ተደወለ። ዳምጠው መጋዙን ጥሎ፣ የእንጨት ብናኝ ጸጉሩ ላይ እንዳለ መጣ።

«ማን ነው የታመመው?» አለ።

«አራስ ናት፤ ግባ ወንድሜ፣ ግባ!» አሉት ሲስተር።

ትርንጎ ተረፈች፤ ሕፃኗንም አቅፋ አጠባች።

ማምሻውን ሲስተር አስካለ መዝገቡን ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። ሦስቱም ልጆች እጃቸውን ዘረጉ።

«እኔ በዚያው ቀን ባልከፍተው ዳምጠው የሚባል ስም አይኖርም ነበር» አለ ላቀው። «ደግሞስ እኔ ጋ ቢቆይ ኖሮ ቢንፏቀቅም ዛሬ አይጠፋም ነበር።»

«ስሙ ብቻውን ምን ያደርጋል? የምትደውሉት የጠፋ ስልክ ላይ ነበር» አለች ምንትዋብ። «ሰዓቱን መሳሳቴን አልክድም፤ ግን አንድ ጠዋት ነው።»

«ያ አንድ ጠዋት የትርንጎ ነበር» አለ ሲራክ። «ዛሬ የተገኘው የኔው ሙዚየም ነው!»

«አንተ እኮ የኛን ገልባጭ ነህ!» አሉት ሁለቱ በአንድ አፍ።

ሲስተር አስካለ መዝገቡ ላይ እጃቸውን ጭነው ሦስቱንም ቢያዩ፣ ቢያዩ፣ መፍረድ አቃታቸው። ስለዚህ ፍርዱ ወደ እናንተ መጥቷል። ብቻ ቶሎ ፍረዱ፤ የሲስተር ጡረታ ነገ ነው፣ የወሊድ ክፍሉም አልጋ ዛሬ ሞልቷል። መዝገቡ ለማን ይገባል?