ከጎታው ጀርባ የቀረው ጠርሙስ

ከደብረ ብርሃን ወዲያ፣ ውርጭ በማይጠፋበት ደጋ የሚኖር አንድ ሰው ነበር። በወጣትነቱ ቆላ ወርዶ በወይን እርሻ ሠርቷል። ሲመለስ እዚያ ማንም ያልፈለገውን የወይን ቅርንጫፍ ይዞ መጣና ተከለው። ፍሬው ጥቁር፣ ደቃቃ ነው፤ ስሙን እንኳ የሚያውቅ የለም። ብርዱ ግን ተስማማው። በአራተኛው ዓመት ሰውየው ፍሬውን ጨምቆ የወይን ጠጅ ጣለ።

ሚስቱ አስካለ ትባላለች። አስካል በግዕዝ የወይን ዘለላ ማለት መሆኑን ልብ በሉልኝ። እሱ ልብ አላለውም።

ወጋችንን ታውቃላችሁ። መጠጥ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ከዚያ ለእንግዳው ይሰጣል። ጎረቤት በተጠራ ዕለት አስካለም በመዳፏ ቀመሰች። ቀመሰችና ማንቆርቆሪያውን መልሳ አስቀመጠችው።

«አልደረሰም» አለችው በጆሮው። «በብርድ ያደገ ነገር ቶሎ አይፈታም። ይቆይ።»

«አንቺ ደግሞ ስለ ወይን ምን ታውቂያለሽ? ቆላ እያለን በስድስት ወር ነበር የምንጠጣው። ቅጂ!»

ቀዳች። የሁሉም ፊት ተጨማደደ። አንዱማ፣ «ጋሼ፣ አቼቶ ልታጠጣን ነው እንዴ የጠራኸን?» ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው።

ሰውየው አፈረ። በማግስቱ ወይኑን ከነሥሩ ነቀለው፤ ጠጁንም ደጅ ደፋው። ከዚያ ወዲህ አስካለ ልትመክረው አፏን ስትከፍት፣ «ደግሞ ይቆይ ልትዪ ነው?» ይላታል።

ወይኑ በተነቀለ በሦስተኛው ዓመት፣ በአጨዳ ሰሞን፣ «ጎኔን አመመኝ፣ ሐኪም ቤት ውሰደኝ» አለችው። ምን አላት መሰላችሁ? «እህሉ ይግባ እንጂ። ይቆይ።»

እህሉ ገባ። አስካለ ተቀበረች።

አርባዋ በወጣ ማግስት ጎታውን ሲያነሣ ከጀርባው አንድ ጠርሙስ አገኘ። አፉ በሰም ታሽጓል። ጠጁን ደጅ በደፋው ጊዜ ደብቃ ያስቀረችው ነው።

ከፈተው። እንደ ወጉ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀመሰ። መጀመሪያ ምላሱን ያዝ አደረገው፤ ቀጥሎ እንደ ጫካ እንጆሪ ጣፈጠው፤ ከዋጠውም በኋላ ጣዕሙ አልሄደም። በዕድሜው እንዲህ ያለ ቀምሶ አያውቅም። ብርሌ ሞላና «አስካለ፣ ደርሷል!» ብሎ ዞረ።

የሚቀበለው ሰው አልነበረም። ብርሌውን እንደያዘ መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

ወገኖቼ፣ የሚያጽናና መጨረሻ ከጠበቃችሁ የለኝም። ወይኑ ተነቅሏል። እሷም አትመለስም።

እናንተስ? በአንድ ጉንጭ ፈርዳችሁ የነቀላችሁት ማነው? «ይቆይ» ስትላችሁ የሳቃችሁባት ማናት? «አመመኝ» ስትላችሁ «ይቆይ» ያላችኋትስ? ጌታ እኛን ቀምሶ ቢተፋን ኖሮ ዛሬ እዚህ ማን ይቀመጥ ነበር? ስንቴ ኮመጠጥንበት፣ ስንቴ ታገሠን! እኛ ግን መታገሥ ባለብን እንቸኩላለን፤ መቸኮል ባለብን እንታገሣለን። እኔም ይህን ስነግራችሁ የማስበው ሰው አለኝ። ዘግይቼበታለሁ።

የእናንተ ሰው ግን ቤት አለ። ስብከቱን እዚህ ላይ ልተወው። ተነሡና ሂዱ። አይቆይ።