ከወቀሳው የቀደመው ምስጋና

አዲሱ የኮምፒውተር ሥርዓት የተማሪዎቹን ውጤት ያተራመሰበት አንድ ወጣት የኮሌጅ መምህር፣ ጡረታ የወጡትን መምህር ደርበውን ሊያማክር ቤታቸው ሄደ። «ጋሼ፣ ነገ ስብሰባ አለን። ባልደረቦቼ መጀመሪያ ለደከሙልን ምስጋና ይቅደም ይላሉ። ሥራ ተበላሽቶ ማመስገን አድርባይነት አይሆንም?» ሲል ጠየቃቸው። እሳቸውም እንዲህ አሉት።

አንድ መምህር ነበረ። ቁጣው ቅርብ ነው፤ ለተማሪዎቹ ግን ሆደ ቡቡ ነው። የሚያስተምርበት ኮሌጅ አለቃ የውጤት መመዝገቢያውን በአዲስ ሊለውጥ ተነሣ። መምህራኑ፣ «አሮጌው ሳይዘጋ አዲሱ ጎን ለጎን ይሞከር» ብለው ለመኑ። አለቃው ለመክፈቻው እንግዶች ጠርቶ ስለነበር ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በመክፈቻው ቀን ሪባኑን ቆርጦ፣ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ!» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ፣ አጨበጨበም። ገንፎው ግን ገና አልበሰለም ነበር።

ወዲያው ነገር ተበላሸ። መምህሩ ያስገባው ውጤት በማግስቱ ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል። የአንዱ ነጥብ በሌላው ስም ይመጣል። አቤት ሲል «ይታገሡ፣ ይስተካከላል» ይሉታል። ከሁሉ ያንገበገበው የአንዲት ተማሪው ጉዳይ ነው። ዓይነ ስውር አባቷን የምትጦር፣ ልትመረቅ ጥቂት የቀራት፣ አንድ ክሊኒክ ሊቀጥራት የሚጠብቃት ልጅ ናት። እሱ የሰጣት ውጤት ውሃ በልቶት ስሟ ከተመራቂዎች መካከል ጠፋ። «መምህር፣ አባቴን ምን ልበለው?» ብላ አለቀሰች።

ደሙ ፈላ። የኮምፒውተር ክፍሉን በር በርግዶ ገባ። ያገኘው አንዲት ባለሙያ ብቻ ነው። ዓይኗ ደም መስሏል፤ ምሳዋ እንደታሰረ አጠገቧ ተቀምጧል። ገና አፉን ሳይከፍት፣ «ሊሰድቡኝ ከሆነ የመጡት፣ የፈተና ወረቀቶቹን ያምጡና እያነበቡልኝ ይስደቡኝ። የእርስዎን ክፍል ነው አሁን የምጠግነው» አለችው።

መምህሩ ሳቁም እፍረቱም አንድ ላይ መጣበት። ወረቀቶቹን አምጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። እሱ እያነበበ፣ እሷ እየጻፈች ዋሉ።

«አልደረሰም ብለሽ አልነገርሻቸውም?» አላት በመሃል።

«ነገርኋቸው። እናንተን እንደሰሙት ሰሙኝ።»

የተማሪዋ ስም ተመልሶ ከኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ብቅ ሲል ሁለቱም እኩል «እሰይ!» አሉ።

ልጅቱ ተመረቀች። በኋላ ግን የመምህራኑ ጩኸት ስለበዛ አለቃው መምህራኑን ሰብስቦ፣ «ጥፋቱ የባለሙያዋ ነው፤ ከሥራ ትሰናበታለች» አለ። ብዙዎቹ «ይበላት!» ብለው አጉረመረሙ። ያ መምህር ብድግ ሲል፣ የለመደውን ቁጣ ሊያወርድባት ነው ብለው ጠበቁ። እሱ ግን ከኋላ አንገቷን ደፍታ ወደተቀመጠችው ባለሙያ ዞሮ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«እህቴ፣ ተማሪዬን ለምረቃ ያበቃሽልኝ አንቺ ነሽ። እግዜር ይስጥልኝ» አላት። ከዚያ ወደ አለቃው ቀና ብሎ፣ «ጌታዬ፣ እሷም እኛም አልደረሰም ብለን ነበር። ክፈቱ ያሉት እርስዎ ነዎት» አለ።

አንዲት መምህርት «እኔንም ረድታኛለች» ስትል፣ ከወዲያ ማዶ ሌላው ተነሣ፤ ሌላውም ተከተለ። አለቃው ላቡን ጠረገ። «ክፈቱ ብዬ ያዘዝኩትስ እኔ ነኝ» አለ። ሴትዮዋ ሥራዋ ላይ ቀረች፤ አሮጌው መዝገብም አዲሱ እስኪስተካከል ድረስ ተመልሶ ተከፈተ።

መምህር ደርበው ወደ ወጣቱ ዞሩ። «እንግዲህ ልጄ፣ ያ ሰው ሲያመሰግን ጥፋቱን የሸፈነ ይመስልሃል? አድርባይ የሚያመሰግነው ወንበሩን ነው፤ እሱ ያመሰገነው የደከመለትን ሰው ነው። የደከመውን ባያይ ኖሮ ወቀሳው ሁሉ በእሷ ራስ ላይ በወረደ ነበር። የአንተም ነገር እንደዚያው ነው። ጥፋቱ እውነት ነውና ንገራቸው፤ ግን አስቀድመህ ማን እጅህን ይዞ እንደረዳህ እወቅ። በል፣ ነገ ማንን ታመሰግናለህ?»

«ከኮምፒውተር ክፍል አንዲት ልጅ አለች፤ በዕረፍት ቀኗ መጥታ የጠፋብኝን ውጤት ሁሉ አብራኝ መለሰች» አለ ወጣቱ። «ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም።»

«እንግዲያው ነገ ማልደህ ሂድና ጠይቃት» አሉት።