የዘበኛዋ ድርሻ

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆች። ትልልቆቹም ብትሆኑ እንቅልፍ መጣ እያላችሁ አታመካኙ። እኔ ስናገር እናንተ "ከዚያስ?" በሉ፤ ካላላችሁ እኔም ተኛሁ።

ድሮ ድሮ ነው፣ ስሙ በጠፋ አገር። አራዊት ሁሉ በአንድ ሸለቆ ይኖሩ ነበር። በሸለቆው ዝናብ የማያስገባ አንድ ዋሻ ብቻ ነበረ። ክረምት ሲቃረብ ሁሉም ተሰብስቦ በተረት ይወዳደራል፤ ያሸነፈ ክረምቱን በዋሻው ይከርማል። ሌላም ደንብ ነበራቸው። ሁሉም ለተረት ሲቀመጥ አንዱ የሸለቆውን በር ከጅብ ይጠብቃል። ከድግስ ለቀረ ድርሻ ይቀመጥለት የለ? ለዘበኛውም ያሸነፈው ተረት ተወስዶ ይነገረዋል። ዘበኛው ድርሻውን ሳያገኝ ዋሻው ለማንም አይከፈትም።

በዚያ ዓመት ዳኛ ያደረጉት ጉሬዛን ነበር። ለምን ቢሉ ነጭ ካባ አለው፣ ጢም አለው። እኛስ ብንሆን ካባ ካየን መቼ ሌላ ነገር እንጠይቃለን! ጉሬዛ ታዲያ አንድ አመል ነበረው። ያልገባውን ሲሰማ ጢሙን ይዳብስና "ጥልቅ ነው!" ይላል። የገባውን ሲሰማ ደግሞ "ይኼማ ገባኝ! የገባኝ ነገር ቀላል ነው" ይላል። ይህን አመሉን ቀበሮ አጥንቶ ይዞታል።

ብዙዎቹ ተረቱ፣ በመጨረሻ ሁለት ቀሩ። አንዷ ሚዳቋ ናት። አምና ክረምት የበኩር ልጇን ብርድ ገድሎባታል። የዘንድሮዋን ግልገል ደረቅ መሬት ላይ ካላስተኛቻት ይህችም ልትሞትባት ነው፤ ነገሯ አንጀት ይበላል። ሁለተኛው ቀበሮ ነው። እሱ እንኳ የራሱ ጉድጓድ ነበረው፤ ዋሻ አማረው እንጂ።

ሚዳቋ ጀመረች። "አንዲት እናት ልጇን ቁጥቋጦ ሥር ደብቃ ውሃ ፍለጋ ወረደች። ስትመለስ ዝናብ ጥሎ ሽታውን አጥቦታል።"

"ከዚያስ?" አለች ጥንቸል።

"ከዚያማ እያንዳንዱን ቁጥቋጦ በልጇ ስም ጠራችው። አንዱም አቤት አላላትም። ሚዳቋ ስትሮጥ ድንገት ቆማ ዞር የምትለው ለዚህ ነው፤ አቤት ያላት ይመስላታል።"

ጥንቸል እንባዋን ጠረገች። ጉሬዛ ግን አዛጋ። "ይኼማ ገባኝ! የገባኝ ነገር ቀላል ነው" አለ።

ቀበሮ ተነሣና ጉሮሮውን ጠረገ። "የህላዌ ጽላሎት በኅብረ ቀለማት ማዕበል ላይ ሲንሳፈፍ፣ ረቂቁ ዝምታ በግዙፉ ዝምታ ማኅፀን ተፀነሰ። አልተፀነሰምም።"

ጉሬዛ ጢሙን ዳበሰ። "ጥልቅ ነው!"

ጥንቸል ምንም አልገባትም። አልገባኝም ብትል ግን መሀይም ሊሏት ነው። "ጥልቅ ነው!" አለች። ከርከሮም "ጥልቅ ነው!" አለ። "ከዚያስ?" ያለ አንድም የለም። ዋሻው ለቀበሮ ተፈረደ። ሁሉም የዘበኛዋን ድርሻ ሊያደርስ ሲነሣ ሚዳቋም ግልገሏን አስነሥታ ከኋላ ተከተለች።

የሸለቆው በር ላይ ዘበኛዋ አሮጊቷ ጃርት ነበረች። "ደኅና ዋላችሁ ልጆቼ? ድርሻዬን አመጣችሁ?"

"አመጣን እማማ ጃርት! ጥልቅ ነው!" አሉ።

"እሰይ። ምን ይላል?"

ጥንቸል ከርከሮን አየችው፣ ከርከሮም ጥንቸልን። "ስለ ዝምታ ነው መሰለኝ... ያረገዘ ዝምታ" አለች ጥንቸል።

"እና ወለደ?"

"ኧረ እንጃ!"

"አባ ጉሬዛ፣ እርስዎ ዳኛው ይንገሩኝ እንጂ።"

ጉሬዛ ጢሙን ዳበሰ፣ ዳበሰ፣ እስኪሳሳ ዳበሰ። "ጥልቅ ነው" አለ ቀስ ብሎ።

"ሳህኑን አየሁት፤ ወጡ የታለ?" አለች ጃርት።

"እስቲ ባለቤቱ ይናገር!" ተባለ። ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። "የማዕበሉ ጽላሎት... በህላዌው ኅብር..." ብሎ ቆመ። እሱም ረስቶታል። ለነገሩ ከመጀመሪያው ምን ነበረውና ያስታውሳል!

ጃርት ከፋት። "ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ስጠብቃችሁ ውዬ ባዶ ሆዴን ልደር? ሌላ ተረት አልተነገረም?"

ይሄኔ ጥንቸል "አንዲት እናት ልጇን ደብቃ..." ብላ ጀመረች። ከርከሮ ቀማት፤ "ውሃ ፍለጋ ወረደች! ዝናቡ ሽታውን አጠበው!"

"ቆይ እንጂ፣ መጀመሪያ ቁጥቋጦውን ተናገር!"

ሁሉም እየተሻማ ተረከው፤ አንድ ነገር አልጎደለም። "ከዚያስ?" አለች ጃርት። "አንዱም አቤት አላላትም" ሲሏት እሾኋ ሁሉ ተነሥቶ ቆመ፤ እንባዋም ዱብ ዱብ አለ።

"ጠገብኩ ልጆቼ" አለች። "ይህን ያበሰለችው ትግባ።"

ዘበኛዋ ጠገብኩ ካለች ማን ይከራከራል? ሚዳቋ ግልገሏን ይዛ ገባች። ክረምቱ ከባድ ነበር፤ ግልገሊቱ ግን መስከረም ሲጠባ አበባው ውስጥ ስትዘል ታየች። ተመስገን ነው! ቀበሮ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ። ጉሬዛ ደግሞ "ምን ይላል?" ብሎ የሚጠይቀው እንዳያገኘው ዛፍ ላይ ወጣ። ካባውን እንደለበሰ ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

ለዚህ ነው "ወጥን በቀማሽ፣ ተረትን በአስታዋሽ" የሚባለው።

እኔ ድርሻችሁን አቀረብኩ። እናንተም ስትገቡ ቤት ለሚጠብቀው ድርሻውን ውሰዱለት።